ቀዩ ጥራዝ

የምሠራው በአንድ አዛውንት የግል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ፣ ሁለት ክፍል፣ ዙሪያውን መደርደሪያ። ጋሼ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን የፈሉትን የግል መጽሔቶች፣ በተለይ ግጥምና አጭር ልቦለድ የሚያወጡትን፣ ከአዟሪ እየገዙ ሲያከማቹ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሥራ እንደጀመርኩ የአንዱ መጽሔት 24 እትሞች ሽቦአቸው ዝጎ ገጾቻቸው እየረገፉ ነበር። ጋሼ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ላስደስታቸው ብዬ መርካቶ ጠራዥ ጋር ወሰድኳቸው። "አሳምረህ ጠርዝልኝ" አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

በሳምንቱ ቀይ ጠንካራ ልባስ፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ ዳሩ ልሙጥ ያለ ጥራዝ አስረከበኝ። እንዴት እንደኮራሁ! ጋሼ ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ሽፋኖቹስ?" አሉ።

ለካ ጠራዡ "ተቦጫጭቀዋል" ብሎ ሽፋኖቹን ገንጥሎ አውጥቷቸዋል። ቁጥሩ፣ ወሩና ዋጋው ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ብቻ ነው! የትኛው ግጥም በየትኛው ወር እንደወጣ አሁን ማን ይንገረን? ሲያስተካክል ደግሞ ዳሩን በማሽን ከርክሞታል፤ ጋሼ በእርሳስ የጻፉት ማስታወሻ ግማሹ የለም፣ የአንድ ግጥም የመጨረሻ ስንኝም አብሮ ሄዷል። ጋሼ ስንኙን በቃላቸው አሉት፤ እኔ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ገጹ መሀል አስገባሁ።

በማግስቱ ጠራዡ ጋር በረርኩ። ከጠረጴዛው ሥር ካለው የቁርጥራጭ ማዳበሪያ ውስጥ 9 ሽፋኖች አገኘን። የቀሩትን ለሌላ ሰው ጥራዝ ጀርባ ማጠንከሪያ አድርጓቸዋል።

አሁን የዛገውን ሽቦ በቀጭን ቢላ ቀስ ብዬ አነሳና በጥጥ ክር እሰፋለሁ። ስኮች የሚባል ነገር አላስጠጋም፣ ሙጫው ቆይቶ ቢጫ እድፍ ይተዋል። የጋዜጣ ወረቀት ፀሐይ አይወድም፤ ይወይብና እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ እትም ለብቻው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ከቤት የሚወጣ ካለ ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያው ሳይቀር መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል።

ባለፈው ጠራዡ ደወለልኝ። "እህቴ፣ አንዷ ሽፋን ተገኘች።" የት ብለው፣ የአንድ በርበሬ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ጀርባ ውስጥ። ሰውየው ግን መዝገቡን ገና ግማሽ ነው ያደረሰው፣ ሲጨርስ ይደውልልኛል።