ፓምፕ ከመመረጡ በፊት

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የገመገምነው ለደሴ የታሰበ የውሃ ፓምፕ ዲዛይን ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ መስፈርቱ ግን «በቂ ውሃ ይሳብ» ይላል። በቂ ማለት ስንት ነው? መስፈርት የውሃው መጠን በሊትር በሰከንድ፣ የሚወጣበት ከፍታ በሜትር ሆኖ ይጻፋል፤ እንዴት እንደሚፈተሽም ከጎኑ ይሰፍራል። ያ ሳይጸድቅ ዝርዝር ሥዕል ውስጥ መግባት ወረቀት መፍጀት ነው።

ዋናው ጣጣ ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ውሃን ቢበዛ 7.6 ሜትር ያህል ነው ወደ ላይ የሚገፋው፤ ባሕር ጠለል ላይ 10.3 ነው። ከዚህ ላይ የቧንቧው ሰበቃና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ግፊት ይቀነሳል። ካታሎግ ብቻ አይቶ ፓምፑን ከውሃው 5 ሜትር ሽቅብ የሰቀለ ሰው ግፊቱ አንሶ ውሃው ውስጥ የሚፈጠሩት አረፋዎች ሲፈነዱ ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ኢምፔለሩም፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል፣ ይበላል። ሞተሩም ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው የሚሰላው። በሐሳብ ደረጃ ከተያዘ አንድ መስመር ማረም ነው፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።