ለውርጭ የሚነቃ ገብስ

የተክል ዘረመል ምህንድስና ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «የቱ ዘረመል ነው የሚገባው?» ብለው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የገባው ዘረመል መቼ ይሥራ፣ ተክሉ ላይ የት ይሥራ፣ ምን ያህልስ ይሥራ የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከጥቅምት ወዲያ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ያልደረሰ ገብስና ባቄላ ሲነጋ ተቃጥሎ ይገኛል። የዓመቱን ልፋት የሚበሉት ጥቂት ሌሊቶች ናቸው።

የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን ሥራ ያነሳሁት ለዚህ ነው። አራቢዶፕሲስ የምትባለው የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ ተክል ድሬብ1ኤ የሚባል ዘረመል አላት፤ ብርድ ሲመጣ ሌሎች ተከላካይ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። ተመራማሪዎቹ ይህን ዘረመል መጀመሪያ 35ኤስ በሚባል ፕሮሞተር ሥር አደረጉት። ፕሮሞተር ከዘረመሉ ፊት ያለ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ዘረመሉ መቼ እንደሚነበብ የሚወስነው እሱ ነው። 35ኤስ ከአበባ ጎመን ቫይረስ የተወሰደ ሲሆን ሌት ተቀን ያሠራል። ተክሉ ብርዱን ቻለ፤ ነገር ግን ቀጨጨ። ቀጥለው ያንኑ ዘረመል ብርድ፣ ድርቀት ወይም ጨው ሲመጣ በሚነቃው በአርዲ29ኤ ፕሮሞተር ሥር አስገቡት። አሁን ተክሉ እድገቱ ብዙም ሳይጎዳ ብርዱን ከፊተኛው በተሻለ ተቋቋመ። ዘረመሉ ያው ነው፤ ትእዛዙ ግን ተለወጠ።

ይህን ጣርማበር በኩል ገብስ ለሚያርሱት አጎቴ አጫውቻቸው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ውርጭ ሲመጣ ይነቃል፣ ሲሄድ ይተኛል ነው የምትይኝ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ የእኛ አገር ማለዳ መቼ የማይበርድበት ጊዜ አለ? በየቀኑ ሲነቃ ሊከርም ነው?» አሉ።

ጥያቄያቸው በዘርፉ ካሉት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ብርድ መጥቶ፣ በዚያ ላይ ተክሉ አበባ ላይ ከደረሰ ብቻ የሚበራ ትእዛዝ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጄኒፈር ብሮፊና ባልደረቦቿ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሳዩት ይህን መንገድ ነው። ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቁ የባክቴሪያ ፕሮቲኖችን ወስደው ለተክል የሚሆኑ ማብሪያና ማጥፊያዎች ሠሩ፤ አንዳንዱ ሁለት ምልክት ሲገናኝ ብቻ ይበራል፣ ሌላው ምልክቱ ሲመጣ ይጠፋል። በትምባሆ ዘመድ ቅጠል ላይ ከፈተሹት በኋላ በአራቢዶፕሲስ ሥር ላይ አውለው የቅርንጫፍ ሥሮቿን ብዛት መቆጣጠር ቻሉ።

ይህን ሳነብ የታየኝ የእነዋሪ ማሳ ነው። የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ስንዴው ሥሩ አየር አጥቶ ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ መደብ እየሠራ፣ ቦይ እያወጣ ያጠነፍፋል። ዝናቡ ሲቆም ያው አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል። ውኃ ሲተኛበት ከላይ የሚሰራጭ፣ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ታች የሚወርድ ሥር ያለው ስንዴ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ። መንገዱ ረጅም ነው። ባክቴሪያ በደቂቃዎች ይራባል፤ ተክል ከአንድ ሴል ተነስቶ ዘር እስኪሰጥ ወራት ይፈጃል። ማብሪያው ጠፍቶም ዘረመሉ ትንሽ ትንሽ መሥራቱን ላይተው ይችላል፤ ተክሉም አንዳንዴ የገባበትን ዘረመል ራሱ ዝም ያሰኘዋል።

ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው ለሚለኝ ሰው የራሳችንን ገብስ እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ የገበሬ ዝርያዎች መካከል ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰው የሻጋታ በሽታ የማይደፍራቸው ተገኙ። ምክንያቱ በኋላ ሲጠና፣ ኤምኤልኦ የተባለው ዘረመል ራሱ ደኅና ነው፤ ከፊቱ የራሱ ጎዶሎ ቅጂዎች ተደጋግመው ገብተው ንባቡን ያዛባሉ። ሻጋታው ለመግባት ኤምኤልኦን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሩ ተዘጋበት። የአውሮፓ ገብስ አዳቃዮች ይህን ባሕርይ ለአሥርተ ዓመታት ተጠቅመውበታል። ዋጋም አለው፦ ኤምኤልኦ ከመላው ተክል ሲጎድል ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ምርትም ሊቀንስ ይችላል። ሻጋታው በሚገባበት በቅጠሉ ቆዳ ብቻ፣ በሽታው ሲመጣ ብቻ ቢጠፋስ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከእኛ በላይ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሕጉ ዝግ አይደለም፤ ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋንን የሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ከተሻሻለ በኋላ፣ ተባይ እንዲቋቋም የባክቴሪያ ዘረመል የገባበት ቢቲ ጥጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቅዷል። የሚያግደን ሌላ ነው። ገብስ ውስጥ ዘረመል የማስገባት ሥራ በአብዛኛው የለመደው ጎልደን ፕሮሚስ በተባለ የብሪታኒያ ዝርያ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ዝርያዎች ከሴል ተነስተው ሙሉ ተክል ለመሆን እሺ አይሉም። የሰሜን ሸዋን ገብስ እሺ ማሰኘት ቀዳሚው ሥራ ስለሆነ ተማሪዎቼን ከአሁኑ ቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክል ቁራጭ በቤተ ሙከራ ሙሉ ተክል ማሳደግን፣ እያስለመድኳቸው ነው።