የደጋ የሣር እንቁራሪቶችን መለየት፤ ከመስኩ ይልቅ ቅጹ የፈተነኝ ሥራ

የኢትዮጵያን ደጋ ትናንሽ የሣር እንቁራሪቶች በዝርያ ለመለየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚበላው እንቁራሪቱን መያዝ ወይም መለካት አይደለም፤ ገና ያልተለየ እንስሳ በስሙ እንዲሞላ የሚጠይቀው የፈቃድ ቅጽ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ የበልግ ዝናብ ባላመለጠኝ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ተማሪ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስበት ያየሁትን እጽፋለሁ።

የምናገረው ፕቲካዴና ስለሚባለው ወገን፣ በተለይም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ስፍራ ስለማይገኘው የኑማኒ የዝርያ ቡድን ነው። እነዚህ እንቁራሪቶች የኋላ እግራቸው ረጅም፣ አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለ፣ ጀርባቸውም ላይ ወደ ታች የሚወርዱ የቆዳ እጥፋቶች ያሏቸው ሲሆኑ፣ ከ1,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ እስካለው ከፍታ ድረስ በጨፌው፣ በረግረጉና በደን ዳር ውኃ ይገኛሉ። በበርሊን ይሠራ የነበረው ኤርንስት አል እ.ኤ.አ. በ1924 ኑማኒና ኤርላንገሪ የተባሉትን ዝርያዎች የገለጸው ከሀገራችን ተወስደው በዚያ ከተቀመጡ ናሙናዎች ተነሥቶ ነበር፤ ስሞቹም በ1900 አካባቢ ደቡብ ኢትዮጵያን ያቋረጡት የሁለቱ ተጓዦች፣ የኑማንና የኤርላንገር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን በደጋው የተያዘ ትንሽ የሣር እንቁራሪት ብዙውን ጊዜ ኑማኒ እየተባለ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎወሪ፣ ሌቨኖረምና አምሃረንሲስ ራሳቸውን ችለው ስም አገኙ፤ በ2021 ደግሞ ቤካ፣ ዴልፊና፣ ዶሮና ሮቤንሲስ ተጨመሩና የቡድኑ ዝርያዎች ዐሥራ ሁለት ሆኑ። የ2021ዱ ጥናት ወደዚህ ውጤት የደረሰው የዘረ መል መረጃን፣ የአካል ልኬትን፣ የወንዶቹን ድምፅና በሙዚየም የተቀመጡትን የጥንት ናሙናዎች አንድ ላይ በመመርመሩ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ዝርያ ለመለየት የሚሞክር ሰው እንዳይደክም እመክረዋለሁ።

ዓይን ቶሎ የሚይዘው ምልክት በዚህ ቡድን ውስጥ የሚታመን አይደለም። በጀርባው መሐል የሚወርደው ነጣ ያለ መስመር ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ በሮቤንሲስ ብቻ እንኳ ሰፊ መስመር ያለው፣ ቀጭን መስመር ያለውና ምንም መስመር የሌለው ይገኛል። አረንጓዴና ቡናማ ጀርባም እንዲሁ በአንድ ዝርያ ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። የሚጠቅሙት ምልክቶች ትዕግሥት የሚፈልጉት ናቸው፦ የኋላ እግር ጣቶችን የሚያገናኘው ስስ ቆዳ እስከ የት እንደሚደርስ፣ የጆሮው ታምቡር ከዓይኑ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ፣ የጀርባው እጥፋት የተያያዘ ወይም የተቆራረጠ መሆኑ፣ የቅልጥሙ ርዝመት ከጠቅላላው አካል ጋር ያለው ምጣኔ። እነዚህም ቢሆኑ በአማካይ እንጂ በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ በግልጽ የሚለያዩ አይደሉም። ከቡድኑ ዝርያዎች አንዱ የሆነው ኩፐሪ ግዙፍና ደንዳና በመሆኑ በአንጻሩ ይቀላል፤ በትናንሾቹ ላይ ግን በፎቶግራፍ ብቻ ስም የሚሰጥ ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም እከራከረዋለሁ።

የመስኩ ሥራ ራሱ አስቸጋሪ አልነበረም። ሲመሽ የራስ ባትሪ አስሮ መውጣት፣ በእጅ መያዝ፣ በእርጥብ ከረጢት ማቆየት፣ በካሊፐር መለካት፣ ፎቶ ማንሣት፤ ይህ በሁለት ምሽት የሚለመድ ነው። ጫማና መረብን ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት በበረኪና አጥቦ ማድረቅና ለእያንዳንዱ እንስሳ ጓንት መቀየር ግን በምንም ምክንያት የሚታለፍ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ፈንገስ በሀገራችን ደጋ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል፣ ተመራማሪም በጫማው ሊያዛምተው ይችላል።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ያሰብሁት በባሌ ከሮቤ ጨፌዎች እስከ ሐረና ጫካ ያሉትን የሣር እንቁራሪቶች በድምፅና በልኬት ለመለየት ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያቀረበልኝ ቅጽ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ የዝርያው ሳይንሳዊ ስም፣ ከእያንዳንዱ ዝርያ የሚያዘው ብዛትና የሚያዝበት ቦታ። በመጀመሪያው ዓምድ «ፕቲካዴና፣ ዝርያው በጥናቱ የሚለይ» ብዬ ጽፌ አስገባሁ። ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ማመልከቻውን መለሱልኝ፤ ዝርያው ያልታወቀ እንስሳ እንዲያዝ ሊፈቅዱ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ዝርያውን ለማወቅ መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ ጥናቱም የሚደረገው ስለዚሁ እንደሆነ በቃልም በጽሑፍም አስረዳሁ። «መመሪያው በዝርያ ነው የሚለው፤ ከመመሪያው ልወጣልህ አልችልም» አሉኝ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ባልደረባቸው ሊረዱኝ አስበው፣ «ሁሉንም ኑማኒ በላቸውና ጨርስ፤ ድሮም እንዲያ አይደል የሚሞላው?» አሉ። እኔ የምቃወመውም ይህንኑ ነበር። አንድ ሰፊ ስም በመዝገቡ ላይ በተደጋገመ ቁጥር፣ በአንድ ተራራ ጥግ ብቻ የሚኖረው እንቁራሪት በየቦታው የሚገኝ መስሎ ይቆጠራል፤ የሚኖርበት ጨፌ ሲጠፋም ዝርያው አደጋ ላይ እንደወደቀ የሚያሳይ ወረቀት አይገኝም። ከዚህም በላይ በዚያ ስም የወጣ ፈቃድ ይዤ ሮቤንሲስን ብይዝ ያልተፈቀደልኝን እንስሳ እንደያዝሁ ሊቆጠርብኝ ይችል ነበር። ሌላው የቀረበልኝ ሐሳብ ዐሥራ ሁለቱንም ስሞች ዘርዝሬ በእያንዳንዱ ፊት ቁጥር እንዳስቀምጥ ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ ብዙዎቹ በባሌ እንደማይኖሩ እያወቅሁ፣ እይዛቸዋለሁ ብዬ በፊርማዬ ማረጋገጥ አልቻልሁም።

ቀጥሎ ከትምህርት ክፍሌ የዝርያዎቹን ስም የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዳመጣ ተጠየቅሁ። አማካሪዬ ነገሩን አብራርተው፣ ስሙ ሊረጋገጥ የሚችለው ከጥናቱ በኋላ መሆኑን ገልጸው ጻፉ፤ ደብዳቤው «የተጠየቀውን አይመልስም» ተብሎ ተመለሰ። በዚህ መካከል ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ የተተኩትም ማመልከቻው እንደ አዲስ ይግባ አሉ። የሚመለከተው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቲተሩ ተቆልፎበታል፣ መዝገቡ ከቡድን መሪው ጋር ነው፤ እንዲህ ያለውን መልስ እያዳመጥሁ በዚያ ኮሪደር ስቀመጥ የበልጉ ዝናብ ባሌ ላይ ጀመረ። ሮቤ ያለው የመስክ ረዳቴ እየደወለ ጨፌው ውኃ መያዙን፣ እንቁራሪቶቹም ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኹ ይነግረኝ ነበር። ያለፈቃድ ሄጄ ልቅዳ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቃል፤ ከሕግ ውጭ የተሰበሰበ መረጃ ግን ለማንም አይጠቅምም ብዬ ተውሁት። ዝናቡ ቆመ፣ ወንዶቹም ዝም አሉ። በዚያው ዓመት በዕቅዴ ውስጥ ከነበሩት ጨፌዎች አንዱ ተጠንፍፎ ስንዴ ተዘራበት። በዚያ ጨፌ የትኛው ዝርያ ይጮኽ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አያውቅም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ከዲግሪው መዘግየት ይልቅ ይህ ነው።

ሰው እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ፤ ፈቃድ መጠየቁን አልቃወምም። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን፣ ማለትም ሀብቱን ማግኘትንና መጠቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ተገቢ ሕግ ነው። እንስሶቻችን ማንም ሳይጠይቅ ወደ ውጭ ሙዚየሞች በተወሰዱበት ዘመን ምን እንዳጣን የሚያውቅ ሰው፣ ሀገሪቱ ሀብቷን መቆጣጠሯን ሊነቅፍ አይገባም። የሚያበሳጨኝ ቅጹ የተዘጋጀው ሁሉም እንስሳ ስሙ ታውቆ እንዳለቀ ተቆጥሮ መሆኑና፣ እውነቱን የጻፈው አመልካች ሲመለስ የውሸት ስም የሞላው መፈቀዱ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከኃላፊዎቹ አልነበረም። ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደጋግሜ ስመላለስ አይተው፣ «ልጄ፣ የዕፅዋት ሰዎች እኮ ስሙን ሳይጨርሱ ነው የሚወስዱት» አሉኝና የቆዩ መዝገቦችን አውጥተው አሳዩኝ። እውነትም ዕፅዋት ሰብሳቢዎች በወገን ስም ብቻ፣ ብዛቱንም በቦታ ወስነው ሲፈቀድላቸው ኖሯል። የእነዚያን ፈቃዶች ቁጥር ጠቅሼ ማመልከቻዬን እንደገና ስጽፍ ያለ ክርክር ታለፈ። በመጀመሪያው ዓምድ «የፕቲካዴና ኑማኒ የዝርያ ቡድን»፣ በሁለተኛው «በእያንዳንዱ ቦታ በጠቅላላ ከዚህ ቁጥር የማይበልጥ»፣ በግርጌው ማስታወሻ ላይ ደግሞ «የዝርያው ስም በጥናቱ መጨረሻ በሪፖርት ይገለጻል» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም ሰው ይህንኑ ቃል እንዲጠቀም እመክራለሁ፤ ቀደም ያለ ተመሳሳይ ፈቃድ መጥቀስ ከማንኛውም ሳይንሳዊ ማብራሪያ ይልቅ ሰሚ ያገኛል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ በቀጣዩ ዝናብ የሠራሁት ሥራ ያኮራኛል። የእነዚህ እንቁራሪቶች ወንዶች በአንገታቸው ግራና ቀኝ የሚነፉ ሁለት የድምፅ ከረጢቶች አሏቸው። ጩኸታቸው ለለመደ ጆሮ እንኳ ይመሳሰላል፤ በኮምፒዩተር ሥዕል ሲታይ ግን የምቱ ብዛት፣ የጩኸቱ ርዝመትና የድምፁ ቅጥነት ይለያያል። ዋናው ቁም ነገር ድምፁ የተቀዳውንና የተለካውን እንስሳ አንድ ማድረግ ነው። ከመንጋው ድምፅ ቀድቶ ከዚያው ኩሬ ሌላ እንስሳ መያዝ ምንም አያረጋግጥም። አንዱን ወንድ በዓይን ሳይለቁ ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት መቅዳት፣ ከዚያ እሱኑ መያዝ፣ ወዲያውም የአየሩንና የውኃውን ሙቀት መመዝገብ ያስፈልጋል። እንቁራሪት የሰውነቱ ሙቀት ከአካባቢው ጋር የሚለዋወጥ ስለሆነ በብርድ ሌሊት ጩኸቱ ይዘገያል፤ ሙቀቱ ካልታወቀ በሁለት ከፍታዎች የተቀዳ የአንድ ዝርያ ድምፅ የሁለት ዝርያዎች መስሎ ይታያል። ስልክ የድምፁን መጠን በራሱ ከፍና ዝቅ እያደረገ ስለሚያዛባ ቢቻል መቅረጸ ድምፅ ይሻላል፤ ፋይሉም በዋቭ እንጂ በኤምፒስሪ መቀመጥ የለበትም። ለትንተናው ያለ ክፍያ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለጀማሪ ይበቃል።

ናሙና አያያዝን በተመለከተ ከተሰጠኝ መመሪያ ጋር አልስማማም። መመሪያው ከየቦታው ብዙ እንስሳ ተገድሎ ወዲያውኑ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል። ፎርማሊን ዘረ መልን ስለሚያበላሽ፣ ከሁሉ በፊት ከጉበቱ ወይም ከጭኑ ቁራሽ ወስዶ በ95 በመቶ አልኮል ማስቀመጥ የግድ ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ ለዚህ አይመረጥም። ብዛቱንም አልቀበልም። ድምፁ የተቀዳ፣ በሕይወት ሳለ የተለካና ፎቶ የተነሣ አንድ ወንድ፣ ድምፁን ማንም ካልሰማው ሙሉ ብልቃጥ ይበልጥብኛል። የዘረ መሉ ውጤት ጂን ባንክ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የዘረ መል መረጃ ቋት ጋር ሲነጻጸርም መጠንቀቅ ይገባል፤ ከ2017 እና ከ2021 በፊት የገቡ ናሙናዎች የቀድሞ ስማቸውን እንደያዙ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ስሙን ሳይሆን የተያዙበትን ቦታ መመልከት ይሻላል። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዘረ መልም በመዳቀል ከዝርያ ወደ ዝርያ ሊሻገር ስለሚችል ብቻውን አይበቃም።

ድምፅ ያልተቀዳላቸው ሴቶቹና ግልገሎቹ በአብዛኛው ከነቡድን ስማቸው ቀርተዋል፤ በመመረቂያ ጽሑፌም ላይ ስም እንድሰጣቸው ብጠየቅም አልሰጠሁም። በሚቀጥለው በልግ ባሌ ለመውጣት ያሰበ ሰው ማመልከቻውን በጥቅምት ያስገባ፤ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ቁጥርና ቀን በራሱ ቅጂ ላይ ያስጽፍ፤ ባለሙያው ቢቀየር እንኳ ጉዳዩ ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርገው ያ ቁጥር ነው።