መኪናችን ያልተነሳችበት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። "ልጆቼን ከሞት ካወጣሽልኝ ያደረግሽልኝን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ" ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ተናግሬያለሁ። ለዘመድ ወዳጅም ተናግሬያለሁ። አሁን ደግሞ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ያንን ሌሊት ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ባደርገው አትፍረዱብኝ።

ዲቪ የደረሰው ለባለቤቴ ነው። ሽሮ ሜዳ የነበረውን ቤታችንን አስረክበን፣ ዕቃችንን ሸጠን፣ ለትኬትና ለሕክምና ምርመራ ተበድረን ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሚኒሶታ ገባን። ሴንት ፖል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጄና ትንሿ ልጄ።

የተቀበለን የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ ነው። እሱንና ሚስቱን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ባለ አንድ መኝታ አፓርታማቸው ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ሆነን ስንኖር አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረብንም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷ ሶፋ ላይ እየተኛች ለልጆቼ አልጋዋን ለቀቀች። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።

ቤት ፍለጋው ግን አንገበገበኝ። አንዱ "ክሬዲት የላችሁም" ይላል፤ ብድርን በጊዜው የመክፈል ታሪክ ማለቱ ነው። ሌላው ያልሠራንበትን የወራት የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል። በመጨረሻ ወረቀት የማይጠይቅ አከራይ ተገኘ። አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ። ታች እኛ ገባን። ላይ ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ እናት ከልጆቿና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። አማርኛ ትችላለች። ገና የገባን ዕለት ሳምቡሳ ይዛ ወረደች።

በግልጽ ልናገር። በዚያ ወቅት እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። አገር ቤት ሳለሁ ጸሎቴን ሳላደርስ ከቤት አልወጣም። ሚኒሶታ ከገባን በኋላ ግን ውዳሴ ማርያሜን ከሻንጣ አላወጣሁትም። "ከእናቴ ለየኸኝ። በሰው ቤት አስጠጋኸኝ። ባሌን ከሒሳብ ክፍል ወንበሩ አንስተህ ካርቶን ተሸካሚ አደረግከው። በረከትህ ይሄ ነው?" እለው ነበር። ባሌ "ተይ፣ አታማሪ" ሲለኝ እሱንም እቆጣዋለሁ። ለእናቴ ስደውል ደግሞ "ሁሉም ደህና ነው እማዬ" እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ።

የቀረችኝ አንዲት ጸሎት ብቻ ነበረች። "እመቤቴ፣ የቀን ሥራ ስጪው" የምትል። ባሌ መጋዘን ውስጥ ከማታው አራት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው። እኔ በማላውቀው አገር፣ ሲንቋቋ በሚያድር ቤት ውስጥ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን አድራለሁ። እሱም ሰውነቱ ተዛብቶ ነበር። ዕረፍቱ በሆነ ቀን እንኳ ሌሊት ዓይኑ አይከደንም። እንደ ዘበኛ ቤቱን ሲዞር ያድራል። ይሄም ያናድደኝ ነበር። ያቺ ጸሎት አልተሰማችልኝም።

ጥር 21 ቀን 2011፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ማክሰኞ ዋለ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 29 ቀን 2019 ማለት ነው። ያን ሳምንት ሚኒሶታ የነበረ ሰው ብርዱን አይረሳውም። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ፖስታ ቤት እንኳ ረቡዕ ፖስታ አላድልም ብሎ አስታወቀ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገባ። ነፋሱ ሲታከልበት ከ45 በታች ያህል ነበር የሚሰማው። ቁጥሩ ለእኔ ምንም አልነገረኝም። በር ከፍቼ ስተነፍስ የአፍንጫዬ ውስጥ ግትር ሲል ነው የገባኝ። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ።

በዓሉን ቤት ውስጥ ነው ያሳለፍነው። ቡና አፈላሁ። ከምሽት ጀምሮ ራሴን አመመኝ። ልጆቹም እራታቸውን አልነኩም። ቤቱ ሁሉ ጉንፋን የያዘው መሰለን።

ባሌ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ ወጣ። ካፖርት ደርቦ፣ ካልሲ ደርቦ። በመስኮት አየዋለሁ። ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ አጉረመረመችና ዝም አለች። ደግሞ አዞረ። ምንም የለም። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተመልሶ ገባ። እጁ ደንዝዞ ስልኩን መያዝ አልቻለም። እኔ ነኝ የደወልኩለት። ጓደኛው የባትሪ ማስነሻ ገመድ ይዞ እንዳይመጣ የእሱም መኪና አልተነሳችም። ሥራ ቦታው ሲደወል "ካልመጣህ ነጥብ ይያዝብሃል" አሉት። ነጥብ ከበዛ መባረር ነው።

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሥዕል ዞርኩና ጮኽኩ። "ማርያም! በበዓልሽ ቀን? የአንድ ሌሊት ደመወዝ እንኳ ትነፍጊናለሽ? ለሌላው ስትሰሚ እኔን ለምን ረሳሽኝ?" ልጆቹ ደንግጠው አዩኝ። ባሌ ምንም አልተናገረም። ሄጄ ልጆቼ መሃል ተኛሁ። አላማተብኩም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን የነገረኝ እሱ ነው።

እንቅልፍ እንደ ልማዱ አልወሰደውም። ወጥ ቤት ተቀምጦ ዳዊት ሲደግም ቆየ። ስምንት ሰዓት ገደማ ትንሿ ልጄ አስመለሳት። ሊያነሳት ሲቆም ጉልበቱ ከዳው። ግድግዳ ተደግፎ መኝታ ቤት ደረሰ። "ተነሺ፣ ልጅቷን አሟታል" አለኝ። አልተነሳሁም። ነቀነቀኝ። አንድ ነገር አጉተመተምኩና ተመልሼ ተኛሁ። ልጅ አስመልሷት የማልነሳ እናት አይደለሁም። እሱም ይህን ያውቃል። ወንዱን ልጅ ቀና ሊያደርገው ሲል አንገቱ ወደ ኋላ ወደቀ።

ባሌ ደብረ ብርሃን ነው ያደገው። ልጅ ሳለ ብርድ ፈርተው የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብተው የተኙ ጎረቤቶቻቸው ጠዋት በር ተሰብሮ ሬሳቸው ሲወጣ አይቷል። እኛ ቤት ከሰል የለም። ጭስ የለም። ሽታ የለም። እሱ ግን "ይሄ የከሰሉ ነገር ነው" አለ በልቡ። ያን በዚያች ሰዓት ማን አሳሰበው? እግዚአብሔር ነው እንጂ ማን ይሆናል!

መስኮቱ በበረዶ ተጣብቆ አልከፈት አለ። በሩን በረገደው። መጀመሪያ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልሎ በረንዳ አወጣ። ተመልሶ ወንዱን። ተመልሶ እኔን። እኔን መሸከም አልቻለም። ብብቴን ይዞ ወለሉ ላይ ጎተተኝ። ሁለቴ ወድቆ ተነሳ። የማስታውሰው ከዚህ ጀምሮ ነው። ፊቴን እንደ ምላጭ የቆረጠኝ አየር። ባዶ እግሬ። የባሌ ጩኸት። የላይኛውን ቤት በር በጡጫ እየደበደበ በአማርኛም በእንግሊዝኛም "ውጡ! ልጆቹን አውጡ! ጋዝ ነው!" ይላል።

እነሱም ራሳቸውን እያመማቸው ነበር የተኙት። ያቺ እናት ልጆቿን አንድ በአንድ እየቀሰቀሰች፣ አማቷን ደግፋ አወጣች። ናይን ዋን ዋን የደወለችው እሷ ናት። ስልኩን በትከሻዋ አጣብቃ እያወራች የራሷን ካልሲ አውልቃ እግሬ ላይ አጠለቀችልኝ። "አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ" ትለኛለች። እህቴ፣ ያንን ካልሲ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ፊት ለፊታችን አንድ አዛውንት ፈረንጅ ይኖራሉ። ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም። ጩኸቱን ሰምተው በራቸውን ከፈቱልን። ሁላችንም ሳሎናቸው ውስጥ ገባን። ያላቸውን ብርድ ልብስ ሁሉ አወጡ። ዕድሜ ይስጣቸው።

እሳት አደጋዎቹ ፈጥነው ደረሱ። መለኪያ ይዘው ገብተው ወዲያው ወጡ። ጭምብል አጥልቀው እንደገና ገቡ። ጋዙን ዘጉት። በኋላ እንደተነገረን የማሞቂያው ጭስ የሚወጣበት ቱቦ አፉ በበረዶ ተደፍኖ መርዙ ወደ ቤት እየተመለሰ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰው በተኛበት ይቀራል። በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የዚህ ጋዝ አላርም መኖር አለበት። በእኛ ቤት አልነበረም።

አምቡላንስ ውስጥ ትንሿ ልጄ አፍንጫና አፏ ላይ ኦክስጅን አድርገውላታል። ዓይኗን አትገልጥም። እጇን ይዣለሁ። ልጸልይ ስል ቃል ጠፋኝ። ቅድም በማርያም ላይ የጮኽኩት ነው ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው። ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" የሚለው ወጣኝ። እናቴ ማታ ማታ ስትለው እየሰማሁ ያደግኩት። እሱን ብቻ ደጋገምኩ። አብሮን ያለው ሠራተኛ ያመመኝ መስሎት እኔንም ኦክስጅን ሊያደርግልኝ መጣ። ጭምብሉ ውስጥ ሆኜ "ሰአሊ ለነ ቅድስት" አልኩ። ስለቱንም ያኔ ነው የተሳልኩት። ይህን ምስክርነት ማለት ነው።

ልጄ "ውሃ" ስትል ሆስፒታል ደርሰን ነበር። አንዲት ቃል። "ውሃ"። ክብር ለስሙ ይሁን!

ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ አመጣልን። የአገራችን ሰው ናት፣ የት ሆና እንደምታወራ አላውቅም። "ልጆቹ አደጋውን አልፈዋል" የሚለውን ተርጉማ ስትጨርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። "ይቅርታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና አለቀሰች። ሥራዋ እንደማይፈቅድላት አውቃለሁ። አንቺ እህት፣ ይህ ከደረሰሽ በርቺልኝ።

ጎህ ሲቀድ ባሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ኦክስጅኑ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ "መኪናዋ ተነስታ ቢሆን እኮ ይሄኔ ከሥራ እየወጣሁ ነበር" አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ግን ውስጤ ተገለባበጠ። በሩን ሲከፍት ሦስታችንን ሬሳ ያገኝ ነበር። ላይ ቤት ደግሞ ሌላ ሬሳ። የለመንኳት የቀን ሥራም ተሰጥቶት ቢሆን ሌሊቱን እንደ ሰው ይተኛ ነበር። እንደ እኔ ተኝቶ ይቀር ነበር። የጮኽኩባት እናት መኪናዋን ይዛልኝ ነበር። የተማረርኩበት አምላክ ባሌን በእንቅልፍ አጥነቱ ጠባቂ አድርጎ አቁሞልኝ ነበር። "እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም።" ይህን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። የገባኝ በዚያ ጠዋት ነው።

ወደዚያ ቤት አልተመለስንም። እስከ ፋሲካ ድረስ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስንዞር ከረምን።

ከፋሲካ በኋላ አሁን ያለንበትን አፓርታማ አገኘን። ክሬዲት ስለሌለን የፈረመልን የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን ነው። ሁለት ወር ያልሞላ ትውውቅ ነበረን። አልጋውን፣ ድስቱን፣ የልጆቹን ካፖርት የሰንበቴ ማኅበርተኞች አዋጥተው አመጡ። ስማችሁን አልጠራም፤ እሱ በመዝገቡ ይዟችኋል። አባታችን መጥተው ቤቱን በጸበል ረጩልን። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ባሌ ሁለት አላርም ገዝቶ ሰቅሎ ነበር። አባም አይተው "ይሄም ጥበቃ ነው፣ ደግ አደረግህ" አሉት። እባካችሁ፣ አዲስ የገባችሁ ሁሉ ይህን ዕቃ ሳታዩ አንድ ሌሊት እንዳታድሩ። ከሌለ ግዙ፤ ካለም ቁልፉን ተጭናችሁ መጮሁን ስሙ።

ባሌ የቀን ሥራውን በጊዜው አገኘ። ዛሬም ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ውዳሴ ማርያሜ ከሻንጣ ወጥቷል። በየዓመቱ ጥር 21 ጸበል ጸዲቅ አዘጋጃለሁ። የጅግጅጋዋ እህቴም ከልጆቿ ጋር ትመጣለች። ለእሷ ምስርና ሽሮ ለብቻ እሠራላታለሁ። እኛ ስንዘምር እሷ ቡና ትቆላልናለች።

አሁን ዜግነት ስላገኘን ለእናቴ አመልክተናል። ኤምባሲው ቀጠሮ እንዲሰጣት እየጠበቅን ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጉልበቷንም ያማታል። የልጅ ልጆቿን በዓይኗ እንድታይ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።