ፊደል፣ ዳዊትና ሒሳብ፦ ልጆቻችንን ቤት ያስተማርንበት መንገድ

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ሦስት ልጆቼንም ቤት ነው የማስተምራቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስ እናቶች ቀርበው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ካሪኩለም ገዝተሽ ነው?» «መጽሐፍ ቅዱስን ነው መሃል ያደረግነው» ስላቸው ገሚሶቹ ደስ ይላቸዋል፤ ገሚሶቹ ደግሞ ልጆቹ ሒሳብና ሳይንስ የቀረባቸው ይመስላቸውና ፊታቸው ይለወጣል። አንዷ እንዲያውም «ልታመነኩሺያቸው ነው እንዴ?» ብላኛለች። እንዴት እንደምንሠራው አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው።

ሕጉን አስቀድሜ ልናገር፤ የብዙ ሰው ፍርሃት እዚያ ላይ ነው። በቨርጂኒያ ቤት ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት (የበላይ ኃላፊ) የማሳወቂያ ደብዳቤ ያስገባል፤ ልጁ የሚማራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝርም ያያይዛል። ወላጁ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰበት ማስረጃ ካለው በቂ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ነገር ይቀርባል። ፈተና ከሆነ አገር አቀፍ መመዘኛ ያለው ሆኖ ውጤቱ ከዘጠኙ እርከን አራተኛውና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነም ብቃት ያለው ገምጋሚ ደብዳቤ ይጽፋል። ዝርዝሩ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ብትጽፉ የሚከለክላችሁ የለም። በሃይማኖት ምክንያት ከዚህ ሁሉ ነፃ የሚያደርግ ሌላ መንገድም አለ፤ እሱ ግን ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት እምነታቸው የማይፈቅድላቸው ቤተሰቦች የሚጠይቁት ነው። የእኛ እምነት ትምህርት ቤትን አይከለክልም፤ እኔም ባለቤቴም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ነን። ስለዚህ በተራው በር ገባን። ፈተናውንም አልጠላውም፤ ሒሳብ ላይ የላላንበት ካለ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል።

አሜሪካ ውስጥ ለክርስቲያን ቤተሰብ ተብለው የሚሸጡ ካሪኩለሞች ሞልተዋል። ተውሼ ካገላበጥኳቸው አንዳንዶቹ በየገጹ ጥቅስ ይለጥፋሉ፤ የመደመሩ መልመጃ ግርጌ ጥቅስ፣ የሰዋስዉ ገጽ ራስጌ ጥቅስ። ልጁ መልመጃውን ሠርቶ ያልፋል፤ ጥቅሱን ዓይኑም አያየው። ለእኔ ይህ ማስጌጥ ነው። የኛ አገር ልማድ ግን ሌላ ነው። አማቼ ጎጃም ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰው ናቸው፤ ፊደል ቆጠሩ፣ አቡጊዳ ዘለቁ፣ መልእክተ ዮሐንስን አነበቡ፣ ወንጌል ገቡ፣ ዳዊት ደገሙ። ማንበብን የተማሩት በመጽሐፉ በራሱ ላይ ነው፤ ሌላ መማሪያ አልነበራቸውም። እኛም ይህን ወሰድን። ልጆቹ ማንበብን፣ መጻፍን፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገርንና ማሰብን ከመጽሐፉ ይማራሉ፤ ሒሳብን ከሒሳብ መጽሐፍ።

ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው፤ 231ዱን ፊደል ጨርሶ አሁን መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው። የድሮ መምህራን ለጀማሪ አንባቢ ይህን መልእክት የመረጡት እንዲሁ አይመስለኝም። ብርሃን፣ ጨለማ፣ ፍቅር፣ ወንድም፣ እውነት፣ ዓለም የሚሉት ቃላት እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ ልጁ አንዱ መስመር ላይ የታገለውን ቃል ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ደግሞ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ እንደ አዋቂ ፈጠን ብሎ ያልፈዋል። ምዕራፉም አምስት ብቻ ስለሆነ «ጨረስኩ!» ማለትን ቶሎ ይቀምሳል። የምናነበው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ ትርጉም ነው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ልጅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቀላሉን አማርኛ ግን ከእኔ አፍ ቀኑን ሙሉ ይሰሙታል፤ ይህንኛውን ሌላ የት ያገኙታል?

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ በነበረ ጊዜ አንድ ነገር አየሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መካከለኛው ልጄ ሳሎን ተቀምጦ መዝሙር 50ን ሲያነብ እሷ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። ድንገት «ተመለስ፣ አንዷን ዘለልካት» አለችው። ተመልሶ ሲያይ እውነት ነው። «እማማ፣ መጽሐፉን ሳያዩ እንዴት አወቁ?» አላት። «ስንት ዘመን የሰማሁትን!» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ በቃል ማጥናትን እንደ ተጨማሪ ነገር መቁጠር ተውን፤ ከጽሕፈትና ከንባብ እኩል ሰዓት አገኘ።

የማለዳው ንባባችን ዘዴ የመጣው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል፤ ፊልጶስ ሮጦ ደርሶ ሲያነብ ሰማውና «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። መቼም የሰማው ጮክ ብሎ ስላነበበ ነው። እኛም ጮክ ብለን እናነባለን። ከቁርስ በኋላ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፤ ረጅም ከሆነ ግማሹ። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና አንዱ ልጅ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይተርካል፤ ሌሎቹ የጎደለውን ይሞሉለታል። የኔ ድርሻ መጠየቅ ነው። የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው የተናገረው? ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ትርጓሜ ለመስጠት አልቸኩልም። ትልቋ በአማርኛ የተረከችውን ከሰዓት በኋላ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች፤ የጽሑፍ ትምህርቷ ከዚህ የተለየ መጽሐፍ ኖሮት አያውቅም፤ የፈተና ውጤቷም አላሳፈረንም።

አንድን መጽሐፍ ከጀመርን ከዳር እስከ ዳር ነው። ለኔ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ያየሁት በዚህ ነው። የዮሴፍን ታሪክ ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ ቀሚሱን፣ ሕልሙን፣ ጉድጓዱን። ከዘፍጥረት 37 ጀምረን እስከ 50 በተርታ ስናነብ ግን መካከለኛው ልጄ 44 ላይ ሲደርስ ንባቡን አቁሞ «ይሁዳ እኮ ነው!» አለ። «እንሽጠው» ብሎ ሐሳብ ያመጣው ይሁዳ፣ አሁን በብንያም ፈንታ ባሪያ ሆኜ እኔ ልቅር እያለ ይለምናል። ሰው መለወጡን ልጁ ራሱ አየው፤ እኔ ብነግረው ኖሮ እናት የተናገረችው ምክር ሆኖ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ቁርጥራጭ ጥቅስ ይህን አይሰጥም።

ማታ የአባታቸው ተራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ይመጣል፤ ቢሆንም ዳዊቱን አይለቅም። በቤተ ክርስቲያናችን ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሏል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ልጆች ያን ሁሉ አይችሉም፤ ከዕለቱ ድርሻ አንድ መዝሙር ብቻ ይመርጣሉ። ከዚሁ የተነሣ አንድ ቀን ጭቅጭቅ መጣ። ከሌሎች ቤት ከሚማሩ ልጆች ጋር የምንገናኝበት ቡድን አለ፤ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ልጄ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ኛው መዝሙር ነው ስትል ጓደኛዋ 23ኛው ነው አለቻት። ሁለቱም መጽሐፋቸውን አምጥተው ሁለቱም ትክክል ሆኑ። መልሱን ከመንገር ፈልጊው አልኳት። የኛ አቆጣጠር ሰባ ሊቃናት የሚባለውን የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም እንደሚከተል፣ እሱም 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ቁጥር ወደኋላ እንደሚሄዱ ደረሰችበት። ከዚያ አላቆመችም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ቁጥር እነሱ ዘንድ 66፣ እኛ ዘንድ 81 ሆኖ ለምን ተለያየ፣ የይሁዳ መልእክት 14ኛው ቁጥር ላይ ሄኖክን ጠቅሶ ሳለ መጽሐፈ ሄኖክ በጓደኛዋ መጽሐፍ ውስጥ ለምን የለም፣ እያለች ወረቀት ሙሉ ጻፈች። የታሪክ ትምህርት ብዬ የያዝኩላት ሌላ ነገር ነበር፤ ለዚያ ወር እሱን ዘጋሁት።

ለዐቢይ ጾም ደግሞ ምንም ማዘጋጀት አይጠበቅብኝም፤ ቤተ ክርስቲያን አዘጋጅታዋለች። እሑዶቹ ስማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ምኩራብ ሲሆን ዮሐንስ 2፣ መፃጉዕ ሲሆን ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ሲሆን ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ሲሆን ማቴዎስ 25፣ ኒቆዲሞስ ሲሆን ዮሐንስ 3። በሳምንቱ ውስጥ ያንኑ ክፍል እናነባለን፣ እንተርካለን፣ ትልልቆቹ በቁም ጽሕፈት ይገለብጡታል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ወንጌሉ ሲነበብ ትንሹ ቀሚሴን ይጎትትና «ይሄን አውቀዋለሁ» ይለኛል። ዝም አሰኘዋለሁ፤ ደስ ግን ይለኛል።

ሒሳብ ሒሳብ ነው ብያለሁ፤ አልፎ አልፎ ግን መጽሐፉ ራሱ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። አንደኛ ነገሥት 7 ላይ ሰሎሞን ያሠራው ትልቅ ክብ የናስ ገንዳ አለ፤ ከከንፈር እስከ ከንፈር 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ። መካከለኛው ልጄ ፓይን፣ ማለትም የክብ ዙሪያ የስፋቱ 3.14 እጅ ያህል መሆኑን፣ ገና መማሩ ነበርና «31.4 መሆን አለበት፤ ተሳስተዋል» አለ። ገመድ ሰጠሁትና የእንጀራ ምጣዳችንን፣ ድስቱን፣ ትሪውን ሁሉ ለካ፤ ሁሉም ሦስት እጅ ከትንሽ ነገር ሆኑ። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ስንመለስ ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ የገንዳው ውፍረት አንድ ጋት ነው ይላል። ዙሪያው የተለካው ከውስጥ፣ ስፋቱ ከውጭ ይሆን? ወይስ ጸሐፊው ቁጥሩን አጠጋግቶት ነው? ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። ልጅ መጽሐፍ ቅዱስን በገመድ ቢፈትን አልደነግጥም።

ሳይንሱ ከላይብረሪ በምናመጣቸው መጻሕፍትና ከተራ መማሪያ ነው፤ ኢዮብን ባዮሎጂ አላደርገውም። ቢሆንም ወደ ሜሰን ኔክ ከመውረዳችን በፊት ኢዮብ 39ን እናነባለን። ሜሰን ኔክ በፖቶማክ ዳር ለንስሮች ሲባል በ1969 እ.ኤ.አ. የተከለለ ቦታ ነው። ትንሹ ሰማይ ሰማይ ካየ በኋላ «ኢዮብ ላይ ንስር ዐለት ላይ ነው የሚያድረው፤ ይሄኛው ለምን ዛፍ ላይ ሠራ?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማግኘት ነው መንገዱን ሁሉ የነዳሁት።

የሚከብዱ ቦታዎችም አሉ። መሳፍንት 19ን ለሰባት ዓመት ልጅ አላነብም፤ ትልቋ ግን ራሷ ደርሳበት አነበበችው፣ ተቆጣችም። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ተጻፈ አለችኝ። ንጉሥ ባልነበረበት፣ ሰው ሁሉ የወደደውን ባደረገበት ዘመን የሆነውን ሳይሸፋፍን መጻፉን አሳየኋት፤ የቀረውን ለንስሐ አባታችን አቆየነው። ለዚህ የሚሆን ደብተር አለን፤ እኔ የማልመልሰው ጥያቄ እዚያ ይጻፋል፣ አባ ሲመጡ ይነበብላቸዋል። እሳቸውም አንዳንዱን «ቆይ፣ መጽሐፍ ልይ» ይላሉ። ካህን መጽሐፍ ልይ ሲል መስማት ለልጆቼ ትልቅ ትምህርት ነው እላለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ገና ስንጀምር የተስማማንበት አንድ ነገር ግን ከዘዴው ሁሉ ይበልጥብኛል፤ መጽሐፉ አለንጋ አይሆንም። ያጠፋ ልጅ ጥቅስ ሃምሳ ጊዜ ጻፍ አይባልም። ክፍሉን ላላጸዳ ልጅ «አባትህንና እናትህን አክብር» አይጠቀስበትም፤ ክፍልህን አጽዳ ይባላል። ማለዳ የሚነበበው ላይ ነጥብ አንሰጥም፤ በቃሉ ያላጠናም ምሳው አይዘገይም። በጥቅስ እየተገረፉ ያደጉ ሰዎች ሲያድጉ መጽሐፉን ማየት ሲያስጠላቸው ከአንድም ሁለት ቤት አይቻለሁ። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ነገር የእኛ የራሳችን ንባብ ነው። እኔ ቅዳሜና እሑድ ማታ ሆስፒታል ነው የማድረው፤ የነርስ ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት ደክሞኝ እንኳ የራሴን ምዕራፍ ሳነብ ካላዩኝ የነሱ ንባብ የልጅ ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ከሰው ይለያሉ» ለሚለው ሥጋት ብዙ አልከራከርም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አላቸው፣ እግር ኳስ አላቸው፣ ያ ቡድን አለ፤ የጎረቤት ልጆችም ቤታችንን ከራሳቸው ቤት በላይ ያውቁታል።

አሁን ያሳሰበን ሌላ ነው። ትልቋ በመጪው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ትደርሳለች፤ ኬሚስትሪ ደግሞ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፣ የኔ ወጥ ቤት አይበቃም። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ቤት ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችም በሩ ክፍት ነው፤ ባለቤቴ ዕድሜዋ ሲደርስ እዚያ ትማር ይላል። እኔ ለጊዜው የቡድኑ እናቶች በጋራ የሚቀጥሩት መምህር ይሻላል ባይ ነኝ። የመምህሩ ሰዓት ጠዋት ከሆነ የጋራ ንባባችን ከቁርስ በፊት ይሆናል ማለት ነው፤ ትንሹን በዚያ ሰዓት ማን እንደሚቀሰቅሰው ገና አልተስማማንም።