ስሙን ለማወቅ የለመንኩት ሕመም

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ስመሰክር በቅድሚያ ሕመሜን መግለጥ ይኖርብኛል፤ ከውጭ የሚታይ ምልክት ስላልነበረው ብዙዎች አላመኑኝምና። በክንዶቼና በጭኖቼ ስብ ውስጥ እንደ አተር የሚዳሰሱ ጉብታዎች ነበሩ፤ ሲነኩ ያቃጥላሉ፣ ሳይነኩም ይጠዘጥዛሉ፤ ልጄ ሮጣ ስታቅፈኝ እንኳ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምቀበላት። ያማከርኳቸው ሐኪሞች መልስ አንድ ነበር፤ ክብደት ይቀንሱ። ቀነስኩ፤ ሕመሙ ግን እንደነበረ ቀረ።

ከሕመሙ ይልቅ የሰበረኝ ድካሙ ነው። አንድ ቀን ቤት ካጸዳሁ ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነቃም ያልተኛሁ ያህል ነኝ። አብረውኝ ከሚጸልዩት መካከል ነገሩን የስንፍና መንፈስ ነው ብለው የገሠጹልኝ ነበሩ። ከፍቅር ስላደረጉት አልወቅሳቸውም፤ ይሁን እንጂ ብርታቱ ሳይመጣ በቀረ ቁጥር ጉድለቱ የእምነቴ ነው እያልኩ በድካሜ ላይ ኀፍረት ጨመርኩበት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ እንዳልገሠጸው፣ ይልቁንም አብልቶት እንደ ገና እንዲተኛ እንደ ተወው ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሳለሁ ፈውስ መለመኑን ተውኩና፣ ይህ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲያገናኘኝ ብቻ ጌታን ለመንኩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታይሮይድ ለተባለው የአንገት ዕጢ ምርመራ ወደ ሌላ ሐኪም ተላክሁ። እርሷም ሚዛን ላይ ሳታወጣኝ ክንዴን ዳሰሰችና ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሌሎች በሽታዎች አለመሆናቸውን ካጣራች በኋላ ስሙን ነገረችኝ፤ የደርከም በሽታ፣ በሌላ አጠራሩ አዲፖሲስ ዶሎሮሳ፣ ትርጉሙም የሚያም ስብ ማለት ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንሲስ ደርከም በ1888 እ.ኤ.አ. የገለጠው፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃ ብርቅ ሕመም እንደ ሆነ ስትነግረኝ አለቀስኩ።

ስለ ድካሙ ስጠይቃት ግን መልሷ ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። ብርቱ ድካም የዚህ ሕመም ባለቤቶች አዘውትረው የሚናገሩት ነገር ቢሆንም፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚያያዙ ገና የተረጋገጠ አይደለም አለችኝ። ሕመም ጥልቅ እንቅልፍን ይቆራርጣል፤ ስብም ዝም ብሎ የተከማቸ ጉልበት ሳይሆን ሆርሞኖችንና ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ የሚያነሣሡ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም የሚለቅ ሕብረ ሕዋስ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል አንጎልን ሊያደክም ይችላል ተብሎ ይገመታል። በሌላ በኩል ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ፣ በዕረፍት የማይለቅና ከትንሽ ሥራ በኋላ የሚብስ ድካም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው አያሰኝም። የደም ማነስንና የታይሮይድን መዛባት አስቀድማ ያጣራችውም ለዚህ ነበር።

ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በደም ሥር መስጠት አንዳንድ ሕመምተኞችን እንደሚረዳ ነግራኝ እኔም ተሰጠኝ። በዚያው ሳምንት ሳልነቃ አነጋሁ፤ ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠዋት ላይ የነበረው ጭጋግ ተገፈፈልኝ፤ ሥራ ሳበዛ የሚጥለኝ ድካም ግን አሁንም አልተወኝም። ከዚህ በመነሣት የድካሜ አንዱ ክፍል ከሕመሙ እንደ ነበረ፣ ሌላው ግን የራሱ ምክንያት እንዳለው እገምታለሁ፤ ይህ የእኔ ግምት እንጂ የሐኪም ቃል አይደለም። አሁን ለሥራዬ ልክ አበጅቼ፣ ሳልወድቅ በፊት ዐርፋለሁ።

ይህን በጉባኤ ፊት ቆሜ እንድመሰክር ተጠይቄ ነበር። ወንበር አስመጥቼ፣ ተቀምጬ መሰከርኩ።