ለችፌ ቆዳ ሳሙና ስመርጥ የተሳሳትኩት

ልጄ ችፌ አለበት፤ ኤግዚማ የሚሉት ነው። ስለ ቅባት የመከረኝ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ሳሙና ግን በትክክል ያስጠነቀቀኝ አላገኘሁም። ሌላው ወላጅ እኔ ያጠፋሁትን ጊዜ እንዳያጠፋ ብዬ ነው የምጽፈው።

አስተጣጠቡ ራሱ ቀላል ነው። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጃለሁ፤ ክርኔን ስነክረው ሙቀትም ቅዝቃዜም ሊሰማኝ አይገባም። ገላው ውሃ ውስጥ የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። የማጥበው በመዳፌ ብቻ ነው፤ ስፖንጅ የለም፣ መፈተግ የለም። በጣሳ ንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ ፎጣውን ሳላሽ ጫን ጫን እያደረግሁ ውሃውን አነሳለሁ፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ቫዝሊኑን ከዕቃው የማወጣው በንጹህ ማንኪያ ነው፤ ጣት ከገባበት ባክቴሪያም አብሮ ይገባል።

የተበላሸው ሳሙናው ላይ ነው። ቆዳው ሲሰነጣጠቅ፣ ጀርም እንዳይገባበት ጠዋትና ማታ በፀረ ጀርም ሳሙና እንዳጥበው በአንድ የጤና ባለሙያ ተነገረኝ። የተባልኩትን አደረግሁ፤ ችፌውም ከክርኑ እጥፋት አልፎ ወደ ክንዱ ወጣ። ይህ ምክር ዛሬም ለወላጆች ሲሰጥ ስሰማ እበሳጫለሁ። ከዚያ የበለጠ የሚቆጨኝ ግን የሳሙናውን መጠቅለያ ገልብጬ አለማንበቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ (ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)፣ 5 አካባቢ ነው። ከስብና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ሳሙና ግን፣ የገላም ይሁን የልብስ፣ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ቁጥሩ የተቀራረበ ይመስላል፤ ሆኖም አንዱ የፒኤች እርከን ከሚቀጥለው በ10 እጥፍ ስለሚለይ፣ በ5 እና በ9 መካከል ያለው ልዩነት 10,000 እጥፍ ነው። ጤናማ ቆዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። የችፌ ቆዳ ግን ቀድሞውኑ አሲዱ የቀነሰ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሳሙና ሲነካው ለማገገም ፋታ አያገኝም።

ፒኤቹ ከፍ ሲል የቆዳ ሕዋሳትን ያያያዘውን ማሰሪያ የሚበጥሱ ኢንዛይሞች ይበረታሉ። በሕዋሳቱ መካከል፣ በድንጋይ ግንብ መካከል እንዳለ ጭቃ፣ ክፍተቱን የሚደፍነውን ሴራማይድ የተባለ ስብ የሚሠሩት ደግሞ ይደክማሉ። ችፌን የሚያባብሰው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የተባለ ባክቴሪያም የሚመቸው እንዲህ ያለው ቆዳ ነው። ስለዚህ ጀርም ይገድላል ተብሎ የተገዛው ሳሙና ለጀርሙ ቦታ ያዘጋጃል። ከታጠበ በኋላ ቆዳው ውጥር ሲል የጸዳ ይመስለኝ ነበር። መወጠሩ ስቡ ታጥቦ መሄዱ ነው።

አሁን ሳሙና ስገዛ የማነበው የፊቱን ሳይሆን የጀርባውን ነው። ሶዲየም ታሎዌት፣ ሶዲየም ፓልሜት ወይም ሶዲየም ኮኮዌት ከተጻፈበት እውነተኛ ሳሙና ነው፤ «ለሕፃናት» ቢልም እመልሰዋለሁ። ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት በመጀመሪያ ከተዘረዘረ ቅርጹ ሳሙና ቢመስልም አሠራሩ ሌላ ነው፤ ለቆዳ ይራራል። ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት፣ ሽቶ እና ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው፣ ዕቃው እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል ያለበትን አልገዛም። «ሽታ የሌለው» የሚለውም ያታልላል፤ ሽታውን የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። የምፈልገው «ሽቶ ያልተጨመረበት» የሚለውን ነው። ጥርጣሬ ካለ የፒኤች መለኪያ ወረቀት በረጠበው ሳሙና ላይ ማሳረፍ ነው፤ ቀለሙ 8 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ለእጅ መታጠቢያ ይሁን፣ ለእጁም ችፌ ለሌለበት ሰው። እንዶድም ከተክል ስለመጣ ብቻ አይመረጥም፤ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን ቆዳን ይቆጠቁጣል።

ውሃው ራሱም ይለያያል። ድሬዳዋን በመሰለ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት በሚያስቀር የከርሰ ምድር ውሃ፣ ካልሲየሙ ከሳሙና ጋር ተጣብቆ በማይሟሟ ዝቃጭ መልክ ቆዳ ላይ ይቀራል። እዚያ ያለ ሰው ሳሙና መቀነስና ሁለቴ ማለቅለቅ አለበት።

መጠኑም አለ። ለሦስት ዓመት ልጅ ፈሳሽ ማጠቢያ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ እሱም ለብብት፣ ለእግር ጣቶችና ለመቀመጫ አካባቢ ብቻ፣ በመታጠቡ ማብቂያ ላይ። ክንድ፣ ጉልበት፣ ጀርባና ሆድ በውሃ ብቻ ይጸዳሉ። ልጁ አረፋ ውስጥ ተቀምጦ መጫወት የለበትም።

«ችፌ ያለበት ልጅ ገላውን አይታጠብ» የሚለውን አልቀበልም። ላብ፣ አቧራና የደረቀ ቅርፊት ያሳክካል፤ ችግሩ ውሃው ሳይሆን ከውሃው በኋላ ሳይቀቡ መተው ነው። ውሃ ውስጥ የሚጨመሩ የመታጠቢያ ዘይቶችም ገንዘብ ማባከን ናቸው፤ በእንግሊዝና በዌልስ 480 ያህል ልጆች የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተለመደው ሕክምና በላይ ጥቅም አላገኘባቸውም። ያንን ገንዘብ ቫዝሊን ይግዙበት፤ የእንግሊዝ መመሪያ ለችፌ ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ቅባት ይላል፤ ብዙዎቻችን የዚያን ሩብ እንኳ አንቀባም። የወይራ ዘይት አይተካውም፤ ኦሌይክ አሲዱ የቆዳን መከላከያ ያላላል።

በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላት አትጠብቁ። መቆጣቱ እንደ አመድ፣ ወይም ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል፤ በእጅ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ይሞቃል። ቢጫ ቅርፊትና ፈሳሽ ካለው ሐኪም ይየው። ትኩሳትና ተበስተው የወጡ የሚመስሉ፣ እኩል እኩል የሆኑ የሚያሙ ቁስሎች ከወጡ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ ሳሙና መቀየር አይደለም።

ተስማሚው ማጠቢያ ካለቀና ገበያ ላይ ከጠፋ፣ ከጎረቤት ሳሙና አይበደሩ። እስኪገኝ ልጁ በውሃ ብቻ ይታጠብ።